የሮክ መጽሔት ዲዛይን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሮክ መጽሔት ለመሥራት ለተነሳችሁ፣ ወይም መጽሔቶቹ ለምን እንዲያ እንደሚመስሉ ለሚገርማችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሮክ መጽሔት ከሌላው የሙዚቃ መጽሔት በመልኩ በምን ይለያል?

ከሩቅ ሲያዩት ይጮኻል። ወፍራም ፊደል፣ ጥቁርና ቀይ፣ አፍጥጦ የሚያይ ፊት፣ ተጨናንቆ የተሞላ ገጽ። የፖፕ መጽሔት ፈገግታና ደማቅ ቀለም ይወዳል። የጃዝ መጽሔት ባዶ ቦታ አይፈራም።

ነገር ግን አንድ ወጥ የሮክ መጽሔት የለም። የአሜሪካው ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲጀመር ጋዜጣ ነበር የሚመስለው። በጋዜጣ ወረቀት ታተመ፣ ገጾቹም በድርብ መስመር ተከበቡ። ይህን መልክ ያገኘው መሥራቹ ጃን ዌነር ቀደም ሲል ይሠራበት ከነበረው፣ ራምፓርትስ የተባለው መጽሔት ያወጣው ከነበረው የእሁድ ጋዜጣ ነው። ውስጡ ስለ ጊታርና ስለ ረጅም ጸጉር ሆኖ፣ ውጩ ግን ኮስተር ያለ ጋዜጣ። ያ ነው ክብደት የሰጠው። በ1981 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ኬራንግ ደግሞ የሄቪ ሜታል አፍቃሪዎችን ይዞ ተነሳ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ጮኸ። ቀለምና ፊደል ከመምረጣችሁ በፊት አንባቢያችሁ ማን እንደሆነ ወስኑ። የ16 ዓመት ልጅ ነው ወይስ የድሮ ሸክላ የሚሰበስብ ጎልማሳ? ለሁለቱም አንድ ዓይነት ገጽ ከሠራችሁ ሁለቱም ይሸሻሉ።

ሽፋኑ ላይ የግድ ምን ምን መኖር አለበት?

የመጽሔቱ ስም፣ አንድ ዋና ፎቶ፣ ከፎቶው ጋር የሚሄድ አንድ ትልቅ ርዕስ፣ ጥቂት ትናንሽ ርዕሶች፣ የእትም ቁጥርና ቀን፣ ዋጋ። በመደብር የሚሸጥ ከሆነ ባርኮድ ይጨመራል። ዋናው ርዕስ አንድ ብቻ ይሁን። ሦስት “ዋና” ርዕስ ያለው ሽፋን ዋና ርዕስ የለውም።

ትናንሽ ርዕሶቹ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል የሚደረደሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በውጭ አገር የመጽሔት መደርደሪያ ላይ እትሞቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ስለሚቆሙ ለገዢው የሚታየው የግራው ጠርዝና የላይኛው ክፍል ነው። የእናንተ መጽሔት በእጅ ተዞሮ የሚሸጥ ወይም በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ ይህ ደንብ ብዙም አይጠቅማችሁም። ርዕሱን ፎቶው ባዶ ቦታ በተወበት በኩል አድርጉት።

ሌላው የሚጠየቀው የሙዚቀኛው ጭንቅላት የመጽሔቱን ስም ከፊሉን ቢሸፍን ነው። ሮሊንግ ስቶን ዘወትር ያደርገዋል፣ ያምርበታልም። ግማሽ ፊደሉ ቢሸፈንም ሁሉም ያውቀዋላ! አዲስ መጽሔት ግን ይህን ቅንጦት የሚያገኘው ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው።

የመጽሔቱን ስም በምን ዓይነት ፊደል ላጽፈው?

በኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ ፎንት አታንሱት። ቢያንስ ሁለት ሦስት ፊደል በእጅ ይነካካ። የሮሊንግ ስቶንን ስም መጀመሪያ በእጁ የሣለው የሳን ፍራንሲስኮ የኮንሰርት ፖስተር ሠዓሊው ሪክ ግሪፊን ነበር። ጥምዝምዝነቱ የመጣው በወቅቱ ከነበሩት ፖስተሮች ነው። ኋላ ላይ የፊደል ዲዛይነሩ ጂም ፓርኪንሰን አስተካከለው እንጂ ነፍሱን አልቀየረውም።

ኬራንግ ሌላ መንገድ ሄደ። ስሙ ራሱ የኤሌክትሪክ ጊታር ገመድ በኃይል ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ፊደሎቹም በድምፁ እንደተሰነጠቀ መስታወት ተሰነጣጠቁ። ስምና መልክ አንድ ነገር ሲናገሩ እንዲህ ነው። ስንጥቁን ብቻ ወስዳችሁ “አዲስ ሮክ” የሚል ስም ላይ ብትለጥፉት ግን የተበላሸ ህትመት ይመስላል።

ስሙን ከሠራችሁ በኋላ ሁለት ፈተና አድርጉበት። በጥቁር ብቻ አትሙት። ከዚያ በስልክ ላይ የጥፍር ያህል አሳንሱትና እዩት። በሁለቱም ከተነበበ ጨርሳችኋል።

ለምንድን ነው ሁሉም ጥቁር፣ ቀይና ነጭ የሚሆነው?

ሰው ምክንያቱን ደም፣ ሰይጣን፣ አመፅ ያደርገዋል። አብዛኛው ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው። በሁለት ቀለም ማተም በአራት ከማተም ይረክሳል። ጥቁሩ ለጽሑፍና ለፎቶ የግድ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ ቀለም ከተጨመረ ደግሞ ከነጭ ወረቀት ላይ ከሩቅ የሚጠራው ቀይ ነው። ድህነቱ አለፈ፣ ልማዱ ግን ቆየ።

ጥቁር ገጽ የምትወዱ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። በኮምፒውተር ላይ የሚያምረው ጥቁር ዳራ በርካሽ ወረቀት ላይ ሲታተም ቀለሙ ይሰራጫል፤ በላዩ ላይ ያለው ቀጭን ነጭ ጽሑፍም ይዋጣል። እጅም ያቆሽሻል። ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ላይ ለርዕስ፣ ለአጭር ጥቅስ፣ ለፎቶ መግለጫ ይሁን። ረጅም ቃለ ምልልስ በዚያ መልክ ማንበብ ቅጣት ነው። ሙሉ ጥቁር ሽፋን ከፈለጋችሁ ደግሞ ጥቁሩ ብቻውን ግራጫ ሊሆንባችሁ ስለሚችል ምን ያህል ሌላ ቀለም ከሥሩ እንደሚገባ ማተሚያ ቤቱን ጠይቁ። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ከስክሪን ቀለም ወደ ህትመት ቀለም መቀየርም አትርሱ።

የሽፋኑ ፎቶ ከመድረክ ይሁን ከስቱዲዮ?

ከስቱዲዮ፣ ወይም ቢያንስ ሙዚቀኛው ቆሞ ከተነሳው። የመድረክ ፎቶ ውስጥ ገብቶ ያምራል፤ ሽፋን ላይ ግን ማይክሮፎኑ አፉን ይሸፍናል፣ ዓይኑ ይጨፈናል፣ መብራቱ ፊቱን ሐምራዊ ያደርገዋል። ሽፋን የሚሸጠው ዓይን ለዓይን ሲያይ ነው። በተጨማሪ ብዙ ትልልቅ ኮንሰርቶች ፎቶ አንሺን የሚያስገቡት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ብቻ ነው፣ ያውም ያለ ፍላሽ። ሙዚቀኛው ገና ሳያልበው ትወጣላችሁ።

ደንቡን የሚያፈርስ ፎቶም አለ። ፎቶ አንሺዋ አኒ ሊቦቪትዝ ዲሴምበር 8 ቀን 1980 የቢትልስ ባንድ ዘፋኝ የነበረውን ጆን ሌነንን ዕርቃኑን ሚስቱን ዮኮ ኦኖን አቅፎ አነሳችው። በዚያው ቀን ማታ ተገደለ። ሮሊንግ ስቶን ፎቶውን በጃንዋሪ 22 ቀን 1981 እትሙ ሽፋን ላይ ሲያወጣ ምንም ርዕስ አልጻፈበትም። ሌነን ካሜራውን አያይም፣ ዓይኑም ተጨፍኗል። የአሜሪካ የመጽሔት አዘጋጆች ማኅበር በ2005 ካለፉት 40 ዓመታት ሽፋኖች አንደኛ ብሎ መረጠው። ይህን አይቶ “እኔም ርዕስ የሌለው ሽፋን ልሥራ” የሚል ዲዛይነር አይጠፋም። ርዕስ ያልተጻፈው ግን ዓለም ሁሉ ወሬውን ስለሰማ ነው። የእናንተን ባንድ ሰፈራችሁ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ስሙን ጻፉ።

ጥሩ ፎቶ የለኝም። ከኢንተርኔት ባወርድስ?

አይሆንም። የፎቶ አንሺው ሀብት ነው፤ ከዚያም በላይ ከድረ ገጽ የወረደ ፎቶ በወረቀት ላይ ሲታተም ብዙውን ጊዜ ይፈዛል። ለህትመት በሚወጣበት መጠን በኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል።

ፎቶ ከሌለ ሣሉ። በጃንዋሪ 1976 ኒው ዮርክ ውስጥ የወጣው ፐንክ መጽሔት የመጀመሪያ ሽፋኑ ላይ ያወጣው የሮክ ዘፋኙን የሉ ሪድን ፎቶ ሳይሆን ጆን ሆልምስትሮም የሣለውን ካርቱን ነው። የውስጡ ቃለ ምልልስም በእጅ ጽሑፍና በኮሚክ መልክ ተሠራ። እነዚያ ልጆች የስቱዲዮ ገንዘብ ቢኖራቸው ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሳቸው ሰው ይኖር ነበር ብዬ አላስብም። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ጎበዝ ሠዓሊ ከጎበዝ የኮንሰርት ፎቶ አንሺ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል።

ስንት ገጽ ይሁን?

በአራት የሚካፈል። አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፣ መሀሉ ላይ በሽቦ ይሰፋል። ስለዚህ 24፣ 28፣ 32። “30 ገጽ አለኝ” ካላችሁ ወይ ሁለት ገጽ በማስታወቂያ ትሞላላችሁ ወይ ሁለት ገጽ ትቆርጣላችሁ። ዳር ድረስ ለሚሄድ ፎቶ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሩ፤ አለዚያ ከተቆረጠ በኋላ ነጭ ክር ይቀራል።

የውስጥ ገጾቹ ቅደም ተከተል እንዴት ነው?

የቆየው ልማድ እንዲህ ይሄዳል፦ ከፊት ማውጫ፣ የአንባቢ ደብዳቤና አጫጭር ወሬ። መሀል ረጅሙ የሽፋን ታሪክና ሌሎች ቃለ ምልልሶች። ከኋላ የአልበምና የኮንሰርት ግምገማ። አንባቢው ወሬውን ቆሞ ያነባል፣ ረጅሙን ተቀምጦ። ከኋላ ጀምሮ የሚገልጥ ሰው ደግሞ ግምገማውን ያገኛል። ይህን ልማድ ለመቀየር በቂ ምክንያት አላየሁም።

ፊት ለፊት የሚገጥሙ ሁለት ገጾች ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ስትዘረጉ የሰው ፊት ማጠፊያው ላይ እንዳያርፍ። አፍንጫው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። መሀለኛው ጥንድ ገጽ ብቻ አንድ ወጥ ወረቀት ነው፤ ፖስተር ሁልጊዜ እዚያ የሚቀመጠው ለዚህ ነው፣ ሽቦውን ከፍቶ ማውጣት ይቻላልና። ግን ሽቦው የሚወጋበትን ቦታ አስሉ። ዘፋኙ ግንባሩ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይዞ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አይወድላችሁም።

ማስታወቂያ በቀኝ ገጽ ሲሆን ከግራው ይወደዳል፣ የጀርባ ሽፋኑ ደግሞ ከሁሉም። ሁሉንም የቀኝ ገጽ ግን አትሽጡ። ትልቁ ታሪካችሁ በቀኝ ወይም በሁለት ገጽ ተዘርግቶ ይጀምር።

ለአልበም ኮከብ ልስጥ?

ስጡ። ሰው ኮከቡን አይቶ ነው ግምገማውን ለማንበብ የሚወስነው። ኬራንግ በኮከብ ፈንታ የራሱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ከአንድ እስከ አምስት ይደረድር ነበር፤ ብልጥ ሐሳብ ነው። እናንተም የጊታር መምቻ ወይም የራሳችሁን አርማ መጠቀም ትችላላችሁ። ሁሉም አልበም አራት ኮከብ ካገኘ ግን ችግሩ ከዲዛይኑ አይደለም።

የተቀደደ ወረቀት፣ የታይፕራይተር ፊደል፣ የቀለም ፍንጥቅጣቂ ልጠቀም?

እዚህ ላይ ሐሳቤ ጠንከር ይላል። ይህ መልክ የመጣው ከእጦት ነው። ማርክ ፔሪ የሚባል የለንደን ባንክ ሠራተኛ በ1976 ክረምት ስኒፊን ግሉ የተባለችውን ትንሽ መጽሔት ሲጀምር የነበረው ታይፕራይተር፣ ወፍራም ማርከርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ርዕሱን በማርከር ጻፈ፣ የተሳሳተውን ሰረዘ፣ እንዳለ አባዛ። ከጥቂት ቅጂ ተነስታ በሺዎች ደረሰች። በሚቀጥለው ዓመት ዲዛይነሩ ጄሚ ሪድ ለሴክስ ፒስቶልስ ባንድ ከጋዜጣ የተቆራረጡ ፊደሎችን ለጥፎ ሲሠራ ደግሞ ያ መልክ ፐንክ የሚባለው የሮክ ዓይነት መታወቂያ ሆነ።

ዛሬ ያው መልክ በነፃ የሚወርድ ፋይል ሆኗል። ኮምፒውተሩ የሠራው “ቀዳዳ” በገጽ 3፣ በገጽ 9ና በገጽ 20 አንድ ዓይነት ሆኖ ሲደጋገም አንባቢ ይነቃል። ከፈለጋችሁት ወረቀቱን በእጃችሁ ቅደዱና ስካን አድርጉት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ አንዱ ቀዳዳም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። በአንድ እትም ውስጥ ከአንድ ሁለት ቦታ በላይ ግን አታብዙት።

በአማርኛ ፊደል የሮክ መልክ ማምጣት ይቻላል?

ይቻላል። ግን የእንግሊዝኛውን መጽሔት ገልብጣችሁ ቃሉን ብቻ ብትቀይሩ አይሠራም። እነሱ መጮህ ሲፈልጉ ሁሉንም በትልቁ ፊደል ይጽፋሉ። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ስለዚህ ጩኸቱ ከመጠንና ከውፍረት መምጣት አለበት። ችግሩ፣ ብዙ የአማርኛ ፎንቶች አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው፤ ፕሮግራሙ በግድ ሲያወፍራቸው ቀዳዳቸው ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ ስላለው ለርዕስ ጥሩ መነሻ ነው፣ ለዚያውም በነፃ። ማዘንበልም እንደዚሁ የእኛ ልማድ አይደለም። ጎንበስ ያለ አማርኛ የሚወድቅ ይመስላል። አጽንዖት ከፈለጋችሁ ቀይ አለላችሁ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቅዱሳን ስሞችንና የመክፈቻ መስመሮችን በቀይ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ጥቁርና ቀይ ገጽ ለእኛ ከሮክ በፊት የነበረ ነገር ነው።

መጠኑን አታሳንሱት። “ቢ” እና “ቤ” የሚለዩት በእግራቸው ላይ ባለች ሚጢጢ ምልክት ነው። በጋዜጣ ወረቀት ላይ ቀለም ሲሰራጭ የ“ቤ” ቀለበት ይደፈንና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በጥቁር ላይ ነጭ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በትክክለኛው ወረቀት ላይ አንድ ገጽ አሳትማችሁ ሳታዩ የጽሑፍ መጠን አትወስኑ። በመስመሮች መካከልም ለእንግሊዝኛ ከምትተዉት ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍተት ተዉ።

ዓምዱንም አታጥብቡት። የእኛ ግሦች ረጃጅም ናቸው። “እንደሚያስተዋውቋቸው” የሚል ቃል በአራት ዓምድ በተከፈለ ገጽ ላይ ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆን ሲጎተት መስመሩ ሁሉ ወንፊት ይሆናል። ሁለት ዓምድ፣ ቢበዛ ሦስት፣ በግራ ብቻ የተሰለፈ። የባንድ ስሞችን አጻጻፍ መጀመሪያ ላይ ወስናችሁ ዝርዝር ያዙ። አንዱ ገጽ “ሌድ ዜፕሊን” ሌላው “ሌድ ዜፔሊን” ካለ ስንፍና ይመስላል። ሽፋኑ ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይለይ፤ ውጭ አገርም የሚሸጥ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ።

አንድ ልመና አለኝ። ጃኖ ባንድን የመሰለ በአማርኛ ሮክ የሚጫወት ቡድን ሽፋን ላይ ስታወጡ ከጀርባው የአክሱም ሐውልትና ሦስቱን ቀለም አትጨምሩ። ፊደሉ ራሱ ከየት እንደመጡ ይናገራል።

የባንዱ አርማ አይነበብም። እንዳለ ላትመው?

አርማው የባንዱ ንብረት ስለሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ስለ እነሱ የሚጻፍ ጽሑፍ ከሆነ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ጥራት ያለውን ፋይል ይልካሉ። ብላክ ሜታል የሚባለውን የሄቪ ሜታል ዓይነት የሚጫወቱ ባንዶች አርማቸውን እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ማወሳሰብ ይወዳሉ፤ ከአድማጮቻቸው ውጪ ማንም ባያነበው ግድ የላቸውም። እናንተ አታስተካክሉት፣ አትቀቡት፣ አትዘርጉት። ከሥሩ ስሙን በሚነበብ ፊደል ጻፉና እለፉ።

ሆን ብሎ የማይነበብ ገጽ መሥራትስ ይፈቀዳል?

ዲዛይነሩ ዴቪድ ካርሰን ሬይ ገን በተባለው የካሊፎርኒያ መጽሔት ከ1992 ጀምሮ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዓምዶቹን አጋጨ፣ ፊደሎችን አነባበረ፣ ጽሑፉን ከገጹ ጠርዝ ውጪ አስወጣ። በ1994 ከዘፋኙ ብራያን ፌሪ ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ አሰልቺ ሆኖ ስላገኘው ሙሉውን ዛፕፍ ዲንግባትስ በሚባል፣ ፊደል በሌለውና ምልክቶች ብቻ ባሉት ፎንት ደረደረው። ማንም ሊያነበው አልቻለም።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ብዙ ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ጽሑፉ በዚያው እትም መጨረሻ ላይ በሚነበብ ፊደል ታትሟል። ቀልዱ የቆመው በዚያ ነው። ካርሰን ደግሞ የሚያፈርሰውን የገጽ ቅንብር ደህና አድርጎ ያውቅ ነበር። በየገጹ ካልሆነና ጽሑፉ ሌላ ቦታ የሚገኝ ከሆነ ሞክሩት። ብቻ ጸሐፊውን አስቀድማችሁ ንገሩት። ሳምንት ሙሉ የደከመበትን ቃለ ምልልስ በኮከብና በቀስት ተተክቶ በድንገት ቢያየው ጠብ ነው።

ሽፋን ላይ የወጣ ሰው ሁሉ የተወደሰ ይመስላል?

ይመስላል፤ አዘጋጆች የሚረሱትም ይህንኑ ነው። በ2013 ሮሊንግ ስቶን የቦስተን ማራቶን ቦምብ ጥቃት ተጠርጣሪ የነበረውን ጆሃር ሳርናዬቭን ሽፋኑ ላይ አወጣ። ፎቶው ልጁ ራሱን ያነሳው ነው፤ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ዓይኑ ለስለስ ያለ። ከፎቶው ጋር የተጻፈው ርዕስ “ጭራቅ” ይለዋል። ውስጥ ያለው ዘገባም የረጅም ጊዜ ሥራ ነበር። ቁጣው ግን ገነፈለ። የቦስተን ከንቲባ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፣ ሲቪኤስና ዋልግሪንስን የመሳሰሉ ትልልቅ የመደብር ሰንሰለቶች እትሙን አንሸጥም አሉ።

ያው ፎቶ ከጥቂት ወራት በፊት ኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ያን ያህል የጮኸ ሰው አልነበረም። ልዩነቱ ክፈፉ ነው። ከላይ ያ ስም፣ ከሥሩ ለብቻው የቆመ ቆንጆ ወጣት፣ ያ ጸጉር። ሰው ለአሥርት ዓመታት በዚያ ክፈፍ ውስጥ ያየው የሮክ ኮከብ ነው፤ ዓይኑ ከርዕሱ ቀድሞ ፈረደ። በወንጀል ስለተከሰሰ ሙዚቀኛ የምትጽፉ ከሆነ ጽሑፉን ጻፉ፣ ሽፋኑ ላይ ግን የማስተዋወቂያ ፎቶውን አታድርጉ። የፍርድ ቤቱን በር፣ ባዶውን መድረክ፣ ወይም በፊደል ብቻ የተሠራ ሽፋን አስቡ።